ጎባጣዋ ዛጎል

ባለቤቴ ዳንቴል ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ አረጀሁ ብል ብዙ አልዋሸሁም። ከእርሻ ገብቼ፣ እግሬን ታጥቤ ደጃፉ ላይ ስቀመጥ፣ እሷ ደግሞ የቀኑን ሥራ ጨርሳ ኪሮሿንና ክሯን ይዛ ከጎኔ ትቀመጣለች። ኪሮሽ ማለት ጫፏ የታጠፈ ቀጭን ብረት ናት፤ እኛ ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያወጡበት መንጠቆ ታናሽ እህት ትመስለኛለች። በዚያች ጫፍ ክሩን ትስባለች፣ በቀለበቱ ታሳልፋለች፣ ደግማ ትስባለች፣ እንዲህ እንዲህ እያለች ከምንም ተነስታ ጨርቅ ታወጣለች። ጨርቁ ግን ግማሹ ቀዳዳ ነው።

"ለቀዳዳ ይሄን ያህል ትደክሚያለሽ?" እላት ነበር ለጨዋታ።

"አንተስ ለአረም አይደል የምትደክመው?" ትለኛለች፤ እጇ አይቆምም።

በዚያ ደጃፍ ሦስተኛ ሰው አይጠፋም ነበር፤ ጎረቤታችን። የእሷን ግቢና የእኛን የሚለየው የቁልቋል አጥር ነው፤ በአጥሩ መካከል ሁለቱ ሴቶች በመመላለስ ያወጧት መሹለኪያ አለች። ሁለቱም ሙሽራ ሆነው ወደዚህ መንደር የመጡት በአንድ ዘመን ነው፤ ባለቤቴ ከአምባሰል ደጋው፣ እሷ ከውጫሌ። እናቶቻቸው ሩቅ ናቸውና አንዷ ለሌላዋ እህት ሆነች። ኪሮሽም ከአንዲት የሐይቅ ከተማ ሴት አብረው ተማሩ። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ታገነፋለች፤ የአንዷ ክር ሲያልቅ ከሌላዋ ድውር ላይ ይቆረጣል። የጎረቤታችን ባል ደግሞ የቅሬያችን ዳኛ ነበር። ቅሬ በእኛ በወሎዎች ዘንድ ሰው ሲሞት ወጥቶ የሚቀብረው ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አለበት። ከቅሬ የተባረረ ሰው በቁሙ የሞተ ያህል ነው፤ ሲሞትም የሚቀብረው የለም። ዳኛው ቃሉ የሚሰማ፣ ድምፁ ጎርነን ያለ ሰው ነበር። ወዳጄም ነበር።

እኛ ያለችን አንዲት ልጅ ናት። ዐረብ አገር ለሥራ የሄደች ዕለት እናቷ አላለቀሰችም፤ እንግዳ ሁሉ ደነቀው። በማግስቱ ነጭ ክር ገዝታ መጣችና "ይሄ የልጄ የሠርግ አልጋ ልብስ ነው። ሲያልቅ ትመጣለች" አለች። እኔም ነገሩን አምኜ ተቀመጥኩ፤ ዳንቴሉ በረዘመ ቁጥር ልጄ የምትቀርብ መሰለኝ።

የአልጋ ልብሱ ከዳር እስከ ዳር በዛጎል የተሠራ ነው። ዛጎል የሚሉት ከአንድ ቀዳዳ ብዙ የክር እግር ይወጣና እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ሲቆም ነው። ከጎኑ ሌላ፣ ከሱ ጎን ሌላ። የሚቀጥለው መስመር ዛጎል ደግሞ ከታቹ ባሉት በሁለቱ መካከል ገብቶ ይቀመጣል። መሐሉ በዚህ ሞልቶ ሲያልቅ፣ ዳር ዳሩን ትልልቅ ዛጎል ይዞረዋል። ያን ጊዜ ጠርዙ ቀጥ ያለ መሆኑ ይቀርና ነፋስ የነካው ውኃ ዳርቻውን ሲልስ እንደሚተወው ምልክት ሞገድ ሞገድ ይላል። ባለቤቴ በዚህ ጠርዝ ላይ እጇ አይጠብቅም፣ አይላላም። እፍ ያሉት ይመስል ለስለስ ብሎ ይወርዳል። የጎረቤታችን እጅ ጠበቅ ይል ነበር፤ የእሷ ጠርዝ ቆንጠጥ ያለ ነው። ይህን እኔ እንኳ ወንዱ ለይቼ አውቀው ነበር።

ጠርዙ ሊያልቅ አንድ ጥግ ሲቀረው ባለቤቴ ለከብት ሣር ስታጭድ ማጭድ ጣቷን ቆረጣት። ጣቷን አስራ ተቀመጠች። ዳንቴሉን ጭኗ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ታየዋለች፣ ትተነፍሳለች። ጎረቤታችንም የራሷን ሥራ ይዛ ከጎኗ ነበረች።

"ና እስቲ ያዝ" አለችኝ ባለቤቴ።

"ምኑን?"

"ኪሮሹን። እኔ በአፌ አሠራሃለሁ።"

ያዝኩት። በዚህ የሞፈር እጄ ያችን ሰንደል የምታህል ብረት ያዝኳት። "ሳብ። አይ፣ አትጎትት፣ በሬ አይደለም! አሳልፍ። በየት በኩል ነው የምታሳልፈው አንተ ሰውዬ?" ትለኛለች። ጎረቤታችን በመጀመሪያ አፏን በነጠላዋ ይዛ ነበር፤ ኋላ ግን ሻሿ እስኪወድቅ ሳቀች።

"ወላሂ ይሄን ሳላይ ባለመሞቴ! አያ ሸማኔ! ከእንግዲህ ሌላ ስም የለዎትም፣ አያ ሸማኔ!"

አንዲት ዛጎል ሠራሁ። እግሮቿ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ ጀርባዋ ጉብጥ ያለ፣ ከቆንጆዎቹ መካከል እንደ ገባች አሮጊት ሆነች። ጎረቤታችን ጎንበስ ብላ አየቻትና "ተርትሪው አንች፣ ሳትርቂ" አለች። ዳንቴል የሚተረተረው ከቆመበት ወደ ኋላ ነው፤ ክሩን ከጫፉ ሲስቡት የመጨረሻው ይፈታል፣ ከዚያ በፊት ያለው ይፈታል፣ እንዲህ እያለ ይመለሳል። መሐል ያለውን ብቻ ነቅሎ ማውጣት አይቻልም።

ባለቤቴ እጇን ጫነችበት። "አትንኳት። ልጄ የአባቷን እጅ ትወቅበት።"

ጣቷ ሲድን የቀረውን ጥግ ራሷ ጨረሰችው። ጎባጣዋ ዛጎል ከመጨረሻው አንድ ክንድ ያህል ርቃ ቀረች። ልጃችን በስልክ ምስሉን አይታ ሳቀች፤ "የአባባን ዛጎል በትራሴ በኩል ነው የማደርጋት" አለች። ጎረቤታችንም ከዚያ ወዲህ ባገኘችኝ ቁጥር፣ በገበያ መንገድ ይሁን፣ ባጃጅ ስጠብቅ፣ "አያ ሸማኔ፣ ዛሬ ምን ሠሩ?" ሳትለኝ አታልፍም። ጎረምሶች ለምን እንዲህ እንደምትለኝ አያውቁም፤ ሦስታችን ግን እናውቃለን።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ስለሱ የሚጽፍ ሌላ አለ፤ እኔ የራሴን በር ብቻ ልናገር። ተኩሱ በአስፋልቱ በኩል ሲቀርብ እኔና ባለቤቴ ወደ አምባሰል ዘመዶቿ ዘንድ በእግራችን ወጣን። ዳንቴሉን "ልያዘው" ብላ ነበር፤ እኔ "ዱቄት እንያዝ" አልኳት። ዱቄት ያዝን። ጎረቤቶቻችን ግን አልሄዱም። ዳኛው "እኔ ቅሬዬን ጥዬ የት እሄዳለሁ?" አለ፤ ሚስቱም አብራው ቀረች። ስንወጣ የቤታችንን ቁልፍ በመሹለኪያዋ አቀበልኳት። አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ "አብሽሩ አያ ሸማኔ፣ እኔ አለሁ" አለችኝ።

ስንመለስ ቤታችን በሩ ተገንጥሎ አገኘነው። ድስት የለም፣ ብርድ ልብስ የለም፣ ዳንቴሉ የነበረበት ሳጥን በአፉ ተደፍቷል። ጎረቤታችን ደረቷን እየመታች "ገቡ፣ ወሰዱ፣ ምን ላድርግ ብላችሁ ነው!" አለችን። እኛም "እናንተ ከተረፋችሁ ዕቃ ምን አባቱ" አልናት። ከልባችን ነበር። ባለቤቴ የተደፋውን ሳጥን አቃናችና እጇን ወደ ውስጥ ሰዳ ከጥግ እስከ ጥግ ዳበሰችው። ባዶ መሆኑ ቁልጭ ብሎ እየታየ ዳበሰችው። ከዚያን ቀን ወዲህ ኪሮሽ አልያዘችም።

በየቤቱ እንዲህ ሆኖ ነበርና ቅሬው ተሰበሰበ። ዳኛው ተነስቶ በዚያ ጎርናና ድምፁ ተናገረ። "ባዕድ የወሰደውን አላህ ይጠይቀው። የጎረቤቱን ዕቃ ከመንገድ ያነሳ፣ ከተሰበረ ቤት ያወጣ ግን አምጥቶ መስጊዱ ግቢ ያኑር። ማን አመጣው አይባልም። ደብቆ የተገኘ ሰው ግን ቅሬው አይወጣለትም። ቃሬዛውን የሚያነሳ እጅ አይኑር።" አሚን አልን፤ ክርስቲያኖቹም አሜን አሉ። በማለዳ መስጊዱ ግቢ ውስጥ ምጣድ፣ ምንጣፍ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ የፍየል ገመድ ሳይቀር ተደርድሮ ተገኘ። ባለቤቴ በዕቃው መካከል ዞረች፣ ዞረች፣ ባዶ እጇን ተመለሰች።

አንድ ነገር አስተውዬ ነበር፤ ጎረቤታችን ከዚያ ወዲህ "አያ ሸማኔ" ብላ አልጠራችኝም። "እንደምን አደሩ" ብቻ። እኔም የሐዘኑ ጊዜ ጨዋታ አሳጣት ብዬ ተውኩት። ባለቤቴም በመሹለኪያዋ በኩል እንደ ድሮው ትሄዳለች፤ እሷ ግን ወደኛ መምጣት ቀነሰች።

ዳኛው የሞተ ዕለት ጥዋት ጩኸቱን ሰምተን በመሹለኪያዋ ሮጠን ገባን። በእኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የቅሬው ወንዶች ቶሎ ብለው አልጋና ወንበሩን ያወጣሉ፣ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ቴሌቪዥን ይሸፈናል። እኔና ሌላ ሰው አልጋውን በሁለት በኩል ይዘን ነበር። ከውጫሌ የደረሰችው የሟቹ ሚስት እህት፣ እንባዋን እየጠረገች፣ "የሚሸፈንበት ነገር የለም? ነጭ ነገር!" ትላለች። መልስ የሚሰጣት የለም፤ ባለቤትየዋ ጓዳ ውስጥ በሴቶች ተይዛ ትጮሃለች። እህቲቱ አልጋው ሲነሳ ከሥሩ የተገለጠውን ሳጥን ከፈተች፣ እጇን ከሥር ሰድዳ የታጠፈ ነጭ አወጣች፣ ዘረጋችና ቴሌቪዥኑ ላይ ጣለችው።

አልጋውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

"ምነው፣ ከበደዎት?" አለኝ ያኛው ሰው።

"አይ" አልኩ።

ጠርዙ በቴሌቪዥኑ ፊት ሞገድ ሞገድ እያለ ወርዷል። ከጥጉ ትንሽ ፈንጠር ብላ፣ ከቆንጆዎቹ መካከል፣ አንዱ እግሯ ረጅም አንዱ አጭር፣ የኔዋ ጎባጣ ተቀምጣለች። ሰው ልጁን በሕዝብ መካከል እንደሚያውቅ አወቅኋት።

ጎረቤታችን ይህን ሳታውቅ አስቀምጣዋለች እንዳልል፣ ዛጎሏ ስትወለድ ሻሿ እስኪወድቅ የሳቀችው እሷ ናት። ዳኛው አያውቅም እንዳልል፣ ሳጥኑ ያለው አልጋው ሥር ነው። አንዲት ቃል ብናገር ምን እንደሚሆን ደግሞ አውቃለሁ። ዳኛው ራሱ የተናገረው፣ ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው ቅሬም አሚን ያለበት ቃል ነው። ሬሳው እዚያው ይቀራል። ልጆቹ አባታቸውን ብቻቸውን ይሸከማሉ፣ ከዚያም እናታቸውን፣ ከዚያም እርስ በርስ።

አልጋውን አወጣን። ተመልሼ ገባሁና ጨርቁን ያስተካከልኩ መስዬ ጎባጣዋን ወደ ግድግዳው አዞርኳት፤ ባለቤቴ ከሴቶቹ ጋር ልትገባ ነው። ቀና ስል የሟቹ ሚስት ከጓዳው በር ላይ ቆማ ታየኛለች። ጩኸቷን አቁማለች። ተያየን። እኔ ነኝ ዓይኔን የሰበርኩት።

ጀናዛው በቃሬዛ ሲወጣ "የፊቱን ማን ይያዝ?" ተባለ። የቀኙን እጀታ እኔ ያዝኩ። እስከ መቃብሩ ድረስ አልቀየርም አልኩ። ሰዎች "ወዳጁ ነበር፣ አቃጥሎት ነው" ተባባሉ። ያቃጠለኝስ እውነት ነው።

ለባለቤቴ የነገርኳት ሐዘኑ ሲያልፍ ነው። "አይቼዋለሁ" አለች። "ጎባጣዋን ብታዞራትስ፣ የራሴን እጅ የማላውቅ መሰለህ? እዚያው ሥሩ ተቀምጬ ሦስት ቀን አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ ሰው አላወቀም።" ቀጥላ ደግሞ "ልጄ ልትመጣ ነው፣ ቀኗ ተቆርጧል። እኔ ከሄድኩ አፌ ያመልጠኛል። አንተ ለስላሳ ነህ፣ ሄደህ ለምናት። በመሹለኪያዋ ብትሰጠን ማንም አያይም" አለችኝ።

ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይዋ በረድ ስትል ሄድኩ። ቴሌቪዥኑ ተገልጧል።

"አላህ ያበርታሽ" አልኳት።

"አሚን። ይቀመጡ።"

ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ አወራን። ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት። ከዚያ "ያ ቴሌቪዥኑን ሸፍኖት የነበረው ነጩ..." አልኩና ቆምኩ።

"የኔ ነው" አለች። የማን ነው ሳልላት። "ድሮ የሠራሁት ነው። ምነው፣ ሥራው ተመሳሰለብዎት? ይመሳሰላል እንጂ። ከሷ ጋር አይደል የተማርኩት?"

"አንዲት ጎባጣ አለችበት" አልኳት ቀስ ብዬ። "ከመጨረሻው ጥግ ወዲህ። እሷን የሠራሁ እኔ ነኝ። አንችም ነበርሽ። ስም ያወጣሽልኝ ያን ቀን ነው።"

ፊቷ አመድ መሰለ። "እሱ አፈሩ አልደረቀም" አለች። "ተነስቶ ይመልስላችሁ? ሌባ አድርገውት ልጆቼን ከቅሬ ሊያስወጡ ነው የመጡት?"

"ለሰው ብናገር ኖሮ ያን ቀን ተናግሬ ነበር። ቃሬዛውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልጄ ልትመጣ ነው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። በመሹለኪያዋ አቀብይን።"

"እኔ ዘንድ የናንተ ነገር የለም" አለችና ተነሳች። በሩን ራሷ ከፈተችልኝ።

ለባለቤቴ የተባባልነውን እንዳለ ነገርኳት። "ጎባጣዋን ነገርካት?" ብቻ አለች።

"ነገርኳት። እሷ አይደለች ማስረጃዋ?"

ዓይኗን ጨፈነች። ለምን እንደሆነ ያን ቀን አልገባኝም። በማግስቱ ጥዋት መሹለኪያዋ በእሾህ ተዘግታ አገኘናት፤ ከወዲያ በኩል ነበር የተዘጋችው።

ልጃችን መጣች። ከስታለች፣ አነጋገሯ ትንሽ ተለውጧል፣ ግን መጣች። ዳንቴሉ ከቤቱ ዕቃ ጋር መወሰዱን ታውቃለች፤ የት እንዳለ ግን አልነገርናትም። ከሠርጉ በፊት ባለው ቀን ሴቶች ተሰብስበው የሙሽራዋ ዕቃ ይዘረጋል፣ ስጦታ ይመጣል፣ አባት ይጠራና ይመርቃል። ተጠርቼ ገባሁ። ባለቤቴና ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ትሪ፣ አንዷ ቴርሞስ፣ አንዷ ብርድ ልብስ ታኖራለች። ጎረቤታችን በዋናው በር መጣች። ጥቁሯን እንደ ለበሰች ናት፤ በመምጣቷ ሴቶቹ ሁሉ ልባቸው ተነካ። ከነጠላዋ ሥር የታጠፈ ነጭ አወጣችና በልጄ ጭን ላይ ዘረጋችው።

"እኔ ምን አለኝ፣ የእጄን ሥራ ነው" አለች። "ያሳደግኋት ልጄ ናት።"

እልልታው ቤቱን ሞላው። "አየሽ ጉርብትና!" ይላሉ። "በሐዘኗ ላይ ሆና ይሄን ሁሉ!" "ይሄ ስንት ዓመት የተለፋበት ነው!" ባለቤቴ ጫፉን ያዘች። ሌላ ሰው ዳንቴል እያደነቀች ነው የሚለው፤ እኔ ግን ምን እንደምትፈልግ አውቃለሁ። በአውራ ጣቷ ጠርዙን ዛጎል በዛጎል እየቆጠረች ትሄዳለች። ለስለስ፣ ለስለስ፣ ለስለስ ይላል። ወደ መጨረሻው ጥግ ስትቃረብ ጣቷ ቆመ። ከዚያች ቦታ ጀምሮ ጠርዙ ጠበቅ ይላል፤ ክሩም አንዴ ተፈትቶ እንደተመለሰ ክር ጥምዝምዝ ይላል። ጎባጣዋ የለችም። በቦታዋ ቀጥ ያለች፣ ቆንጠጥ ያለች፣ እንከን የሌላት ዛጎል ተቀምጣለች። አንድ ክንድ ያህል ተርትራ፣ የኔን ፈትታ፣ በራሷ እጅ መልሳ ሠርታዋለች። "ያንን የሠራሁ እኔ ነኝ" የምልበት ምን ቀረኝ? የት እንዳለችም ነጋሪዋ እኔው ነበርኩ።

ባለቤቴ ቀና ብላ ጎረቤታችንን አየቻት። ከዚያ ድምፅዋ ሳይሰበር፣ "አላህ ይስጥልኝ" አለቻትና በሁለቱም ጉንጯ ሳመቻት። በዚያ ሁሉ ሴት ፊት ሌላ ምን ታደርጋለች?

ልጄም ጨርቁን ወደ ፊቷ ጠጋ አድርጋ አየችው። ወደ ጥጉ ሄደች፣ ፈለገች፣ ወደ ሌላው ጥግ ሄደች፣ ፈለገች። ኋላ ተወችው።

"የእማማን እንዴት ይመስላል" አለች ለራሷ እንደምትናገር።

"ከእናትሽ ጋር አይደል የተማርኩት፣ ሆዴ?" አለቻት ጎረቤታችን። ከዚያ ወደኔ ዞረች። ከስንት ጊዜ በኋላ ጥርሷን አየሁት፤ ፊቷ በርቷል፣ ከላይዋ ላይ ሸክም የወረደላት ትመስላለች። "አይደል፣ አያ ሸማኔ?"

ሴቶቹ ስሙን ሲሰሙ ሳቁ። ለምን እንደሆነ ባያውቁም ሳቁ።

"ነው" አልኳት። ተጠርቼ የገባሁት ለመመረቅ ነውና እጄን ዘረጋሁ። ስጦታ ያመጣውን ሁሉ መረቅሁ፤ እሷንም መረቅኋት። ባለቤቴ አሚን አለች።